ጋኔኑ ስንት ዓይን አለው?

የኔታ ስልኬን ተቀብለው አፍንጫቸው ሥር አስጠጉት። ቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ቆይቷል፤ የሚያዩት በግራው ነው።

«ይኼ ምንድን ነው? ጨው ነው?»

«ቤተ መቅደስ ነው የኔታ። የቡድሃ። ታይላንድ።»

«ጨው ነው የሚመስለው።»

አልተሳሳቱም። እኔም ከአውቶቡስ ወርጄ ፊት ለፊቴ ሳየው መጀመሪያ የመጣልኝ የጨው ክምር ነው። የተቀመጥነው ዘጌ፣ ከኡራ ኪዳነ ምሕረት ቅጥር ወጣ ብሎ ቡና ዛፍ ሥር ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ከባህር ዳር ስመጣ ስኳር ይዤላቸው እመጣለሁ (ወደ ዘጌ ቡና ይዞ የሚሄድ የለም)፣ እሳቸው ደግሞ እንደ ድሮው ያፋጥጡኛል። ያን ቀን የተፋጠጥኩት ስለ ታይላንድ ነው።

ታይላንድ የሄድኩት ለመሳለም አይደለም፤ ለእምቦጭ ነው። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ የተንሰራፋው አረም ለኔ እንጀራ ሆኖኛል። ጎረቤት «ልጅሽ ምን ይሠራል?» ብሎ ሲጠይቃት እናቴ «ያርማል» ትላለች፤ ሁለት ዲግሪ ይዤ። ታይላንዶችም አረሙ አላቸው። ከጃቫ ስለመጣባቸው ስሙን ከጃቫ ጋር አያይዘው ነው የሚጠሩት። ልዩነታችን፣ እኛ ነቅለን ዳር ላይ ስንከምረው እነሱ አገዳውን አድርቀው ቅርጫት፣ ቦርሳና ወንበር ይሠሩበታል። ይህንኑ ለመማር ሦስት ሳምንት ቺያንግ ማይ ተቀምጬ ስጎነጉን ከረምኩ። ስለዚያ ሌላ ቀን እጽፋለሁ። የጎነጎንኩት ቅርጫት እስካሁን ሽንኩርት እንኳ አልቻለም።

አብራኝ የምትማር አንዲት ኬንያዊት ነበረች፣ ከኪሱሙ፣ ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር። እዚያም ያው አረም ነው። ሰው በዘመድ ይተዋወቃል፣ እኛ በአረም ተዋወቅን። የእረፍት ቀናችን ሲደርስ «ነጩን ቤተ መቅደስ ሳታይ አገርህ አትገባም» ብላ ጎትታ ይዛኝ ሄደች። ከቺያንግ ማይ ወደ ቺያንግ ራይ በአውቶቡስ ሦስት ሰዓት ያህል ነው፤ ቤተ መቅደሱ ከከተማው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይገኛል። ዋት ሮንግ ኩን ይባላል። የውጭ ሰው ትኬት ይቆርጣል፣ የአገሩ ሰው በነጻ ይገባል። እዚህ ገዳማችን በር ላይ ፈረንጅ ሲከፍል እያየሁ ላደግኩ ሰው፣ በፈረንጅ ቦታ ቆሞ መክፈል የሚጣፍጥ ነገር አለው።

ጥንታዊ እንዳይመስላችሁ። የመንደሩ አሮጌ ቤተ መቅደስ ተጎሳቁሎ የሚጠግነው ሲጠፋ፣ የዚያው መንደር ልጅ የሆነው ሠዓሊ ቻለምቻይ ኮሲትፒፓት እ.ኤ.አ. በ1997 በራሱ ገንዘብ እንደ አዲስ መሥራት ጀመረ። እስካሁን እየተሠራ ነው። ያልቃል የተባለው በ2070 ሲሆን ሠዓሊው የተወለደው በ1955 ነው፤ ስሌቱን ለናንተ ትቻለሁ። ለኛ ይህ አይደንቅም። መንገድ ዳር ጥላ ዘርግተው «ለሕንፃ ማሠሪያ» እያሉ በድምፅ ማጉያ የሚጣሩ ሰዎችን አልፈን አይደል ትምህርት ቤት የሄድነው፤ ዛሬም ልጆቻችንን ይዘን እናልፋቸዋለን።

የሚለየው የገንዘቡ ነገር ነው። ሠዓሊው ከአንድ ሰው ከ10,000 ባት በላይ አልቀበልም ብሏል። ምክንያቱ፣ ብዙ የሰጠ ሰው ኋላ መጥቶ «እንዲህ አድርገህ ሥራው» ማለቱ ስለማይቀር ነው። ይህን ስሰማ ወዲያው ትዝ ያለችኝ እቴጌ ምንትዋብ ናት። ደቅ ደሴት ላይ ያለውን ናርጋ ሥላሴን ያሠራችው እሷ ናት፤ ሄዳችሁ ካያችሁ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተስላለች። እኛ ዘንድ ያሠራ ሰው ግድግዳው ላይ ቦታ አለው። አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ደግሞ ጃንሆይ ጄኔቭ፣ በመንግሥታቱ ማኅበር ፊት ቆመው ሲናገሩ ተስለው ታዩአቸዋላችሁ።

ወደ ነጩ ልመለስ። ነጭነቱ የቡድሃን ንጽሕና ነው የሚያሳየው አሉን። ኖራ የመሰለው ልስን ውስጥ የመስታወት ስብርባሪ ተቀብሯል፤ ፀሐይ ስትመታው ዓይን አያስገልጥም። ጣሪያው፣ ክፈፉ፣ መወጣጫው ሁሉ የእሳት ነበልባል በሚመስል ሹል ነገር ተሞልቷል። ወደ ዋናው ቤት የሚያስገባው ድልድይ ነው። ከድልድዩ በፊት ግራና ቀኝ ጉድጓድ አለ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ደግሞ እጆች።

እጆቹ ዘንድ ብዙ ቆየሁ። በመቶ የሚቆጠሩ ናቸው፣ ከክንድ በታች አካል የላቸውም፣ ሁሉም ወደ ላይ ተዘርግተዋል። አንዳንዱ ጎድጓዳ ዕቃ ይዟል። አንዳንዱ ጣቱን አጥፎ አየር ይቧጥጣል። ልስኑ ጣቶቹ መሐል ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ውስጥ አቧራ ገብቷል፤ እንደ ሠራተኛ እጅ አስመስሎታል። ከዚያ ሁሉ መሐል አንዲት ጣት ብቻ ጥፍሯን ቀይ ተቀብታለች። ኬንያዊቷ ናት ያገኘቻት፣ እኔ አልፌያት ነበር። የሰው ምኞት ማለት ነው፣ የማይጠረቃ። እኔን ግን ልቤ ወደ አንድ ሌላ እጅ ወሰደኝ፤ ወደ በላዔ ሰብእ። 78 ነፍስ የበላ ሰው፣ አንድ ለምጻም ስለ እመቤታችን ብሎ ውሃ ቢለምነው በእፍኙ ጥርኝ ውሃ ሰጠው፤ ሲመዘን ያቺ ጥርኝ ውሃ ደፋች። ልጅ ሆኜ ያን ስዕል ሳየው ሰው የሚበላበትን ጎን በእጄ ሸፍኜ ነበር የማየው።

ድልድዩን ሞት እና ራሁ የሚባሉ ሁለት አስፈሪዎች ይጠብቁታል፤ ራሁ ግርዶሽ ሲሆን ጨረቃዋን የሚውጣት እሱ ነው። ድልድዩ ላይ ወጥቶ ወደ ኋላ መመለስ አይቻልም። አንዷ ፈረንጅ ፎቶዋ አላማራት ብሎ ልትመለስ ስትል በድምፅ ማጉያ ጮኹባት። ቀጥል፣ ቀጥል ነው።

ጫማ አውልቀን ገባን። እዚህ ላይ እንግድነት አልተሰማኝም፤ እግሬ ራሱ ያውቀዋል። ፎቶ ክልክል ነው። ፊት ለፊት ቡድሃ ተቀምጧል፣ ሁሉ ነገር ጸጥ ያለ፣ ወርቃማ። ከዚያ ወደ ገባንበት በር ዞር ስል ግድግዳው በሙሉ ጋኔን ነው፤ በዙሪያው ደግሞ የማውቃቸው ሰዎች።

ሱፐርማን አለ። ሃሪ ፖተር አለ። ያቺ አፍ የሌላት የጃፓን ድመት፣ ሄሎ ኪቲ፣ አለች (የእህቴ ልጅ ቦርሳዋም፣ ብርድ ልብሷም እሷ ናት)። የ«ማትሪክስ» ፊልሙ ኒዮ በጥቁር መነጽሩ አለ። ማይክል ጃክሰን አለ። በ«ተርሚኔተር» ፊልም ሰውና ብረት የሆነው አርኖልድም አለ። እሱን ሳየው ሳቄ አመለጠኝ። ዘጌን ለቅቄ ባህር ዳር ሰባተኛ ክፍል ስገባ፣ ሃምሳ ሳንቲም ከፍለን ቆርቆሮ ቤት ውስጥ በአንዲት ቴሌቪዥን ለአርባ ሆነን ያየነው እሱን ነው። ቪዲዮ ቤት ነው ያሳደገኝ ብል የኔታ ይቀየሙኛል እንጂ ግማሹ እውነት ነው። እና ያ ሰውዬ እዚህ፣ ቡድሃ ፊት ለፊት፣ ምን ይሠራል?

ከዚያ ሳቄን የሚቆርጥ ነገር አየሁ። ሁለቱ የኒውዮርክ ፎቆች ሲነዱ፣ የነዳጅ ማደያ ቱቦ ደግሞ እንደ እባብ ሲጠመጠምባቸው።

ያ ቀን በኛ አቆጣጠር መስከረም 1 ቀን 1994 ነው። እንቁጣጣሽ። ሦስተኛ ክፍል ልገባ ነበር። ሴቶቹ አበባየሆሽ ሲሉ እኛ ወንዶቹ እንደ ወጉ ስዕል ስለን ቤት ለቤት እናዞር ነበር፤ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ መልአክ። እኔ ያን ዓመት የሳልኩት ቅዱስ ሚካኤልን ነው፣ በደብተር ወረቀት፣ በስድስት ቀለም እርሳስ። ሰይፉ አማረልኝ፣ ክንፉ አማረልኝ፣ የእግር ጣቶቹ ግን እምቢ አሉ። ደጋግሜ አጥፍቼ ወረቀቱ ሊበሳ ሲል ሸራ ጫማ አለበስኩት። ነጭ ሸራ፣ ማሰሪያው ሳይቀር። የኔታ አይተው «ቻይና ሄዶ ነበር?» ብለው ሃምሳ ሳንቲም ሰጡኝ። ማታ ጎረቤት ቤት ሬዲዮ ዙሪያ ሰው ተሰብስቦ አገኘሁ፤ ሬዲዮኑ አሜሪካ አሜሪካ ይላል፣ እኔ ኪሴ ውስጥ ሳንቲም እቆጥራለሁ።

ስለዚህ ግድግዳው ፊት ቆሜ የሳቅኩበትን ቆም ብዬ ሳስበው አፈርኩ። ማን ነው የሚስቀው? ያደግኩት የፈርዖን ሠራዊት ባሕር ሲሰጥም ጠብመንጃውን ወደ ላይ ይዞ በሚሳልበት አገር ነው። ጌታን የሚይዙት ወታደሮች በሠዓሊው ዘመን ወታደር የለበሰውን ለብሰው፣ የታጠቀውን ታጥቀው ነው የሚመጡት። ናርጋ በር ላይ የተቀረጸውን ፈረንጅ አስጎብኚዎቹ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ነው ይሉታል። ይህን ሁሉ «ጥንታዊ ቅርስ» ብዬ አልፌ፣ አርኖልድ ላይ ስደርስ ጥርሴን አሳየሁ።

ሠዓሊው ደግሞ ይህን ሲያደርግ የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለንደን፣ ዊምብልደን ያለውን ቡድሃፓዲፓ የሚባል የታይ ቤተ መቅደስ ከጓደኛው ጋር ሲስል የያኔዋን የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ማርጋሬት ታቸርን ግድግዳው ላይ አስገብቷታል፤ ያኔም ተወግዟል። ባንኮክ ውስጥ ዋት ፓሪዋት በሚባለው ደግሞ ከመሠዊያው ግርጌ፣ ደጋፊ ምሰሶ ሆኖ፣ በወርቅ የተቀባ ትንሽ ዴቪድ ቤካም አለ። እዚያ አልሄድኩም። የማንቸስተር ደጋፊ የሆነ ጓደኛዬ ግን ይህን ስነግረው የትኬት ዋጋ ጠየቀኝ።

ውጭ ያለውን በአጭሩ ላሳልፈው። ዛፎቹ ላይ የተቆረጠ ጭንቅላት የመሰለ ነገር ተንጠልጥሏል፤ ባትማንም አለበት፣ ሣርና ቅጠል እየበቀለበት። ከነጩ ሁሉ መሐል አንድ ወርቃማ ሕንፃ ቆሟል፣ ከሩቅ ቤተ መንግሥት የሚመስል፤ ሽንት ቤት ነው። ወርቁ ሥጋንና የዓለምን ፍላጎት ነው የሚያሳየው ይላሉ። ከባህር ዳር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ለሚመላለስ፣ መንገድ ላይ ያሉትን ሽንት ቤቶች በስምና በሽታ ለሚያውቅ እንደኔ ያለ ሰው፣ ትርጉሙ ባይኖርም ይገባኛል።

ሚያዝያ 27 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ እኛ የአርበኞችን ቀን ስናከብር፣ በሬክተር መለኪያ ከ6 በላይ የሆነ ርዕደ መሬት አካባቢውን መትቶት ነበር። ሕንፃው ተሰነጠቀ፣ ስዕሉም ተጎዳ። ሠዓሊው መጀመሪያ «አፈርሰዋለሁ» ብሎ ተናገረ፤ ኋላ ሐሳቡን ቀይሮ መጠገን ጀመረ። ይኼን ለየኔታ ስነግራቸው «ተቆጥቶ ነው እንጂ አያፈርሰውም፤ የሳለ እጅ አያፈርስም» አሉ።

ወደ ቡናው ዛፍ ተመለስኩ ማለት ነው።

«ይኼስ? ቀንድ አለው።» የባትማንን ጭንቅላት ነው።

«ጆሮ ነው የኔታ። የሌሊት ወፍ ልብስ የሚለብስ ሰው ነው። ሌሊት ሌሊት ሌባ ይይዛል።»

«ዘበኛ ነው?»

«እንደ ዘበኛ በሉት።»

«ደመወዙን ማን ይከፍለዋል?»

«አይከፈለውም። ሀብታም ነው።»

የኔታ ስልኩን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝም ብለው አዩኝ። ሀብታም ሆኖ ሌሊት የሚያድር ዘበኛ አልተዋጠላቸውም። «በል የውስጡን አሳየኝ» አሉ።

«ፎቶ አያስነሱም።»

«ደግ አደረጉ። እዚህም መከልከል ነበር። ንገረኝ እንግዲህ።»

ነገርኳቸው። ሱፐርማንን «የሚበር ሰው» ስላቸው አላስደነቃቸውም፤ እሳቸው የሚያውቋቸው ጻድቃን ደመና ጠቅሰው የሚሄዱ ናቸው። «ማይክልም አለ» ስል ግን ቀና አሉ።

«ሚካኤል? እዚያም አለ?»

«ማይክል ጃክሰን ነው የኔታ። ዘፋኝ ነበር። ሞቷል።»

«ነፍስ ይማር። የተሳለው በየት በኩል ነው?»

«ከበሩ በላይ፣ ከጋኔኑ ጋር። ቡድሃው ፊት ለፊት።»

«እንግዲያው የተከበረበት ግድግዳ አይደለም። ስትገባ የሚሸኝህ፣ ስትወጣ የሚቀበልህ ነው።» እንደ ድሮው በአርጩሜያቸው አፈሩ ላይ ክብ ሠሩ፣ በክቡ ውስጥ አራት ማዕዘን፤ ቅኔ ማሕሌቱን፣ ቅድስቱን፣ መቅደሱን። «ማን ተሳለ ብቻ አይጠየቅም። የት ተሳለ ነው። እና ስንት ዓይን አላቸው?»

ይህን ጥያቄ መጠበቅ ነበረብኝ። ልጅ ሆነን መቅደሱ ዙሪያ ሲያዞሩን የመጀመሪያው ትምህርት እሱ ነው። በሸራ ተስለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉት ቅዱሳን ፊታቸውን ወደ እኛ መልሰው በሁለት ዓይን ያዩናል። ገራፊው፣ ሰቃዩ፣ ዲያብሎሱ ግን በጎን ነው የሚሳለው፤ አንድ ዓይን ብቻ። ስሙን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ዓይን ቆጥሮ ወገኑን ይለያል። እኔ ደግሞ ታይላንድ ድረስ ሄጄ የአርኖልድን ዓይን ሳልቆጥር መጣሁ።

«የሌሎቹን አላስተዋልኩም» አልኩ። «ጋኔኑ ግን ሁለት ዓይን አለው።»

«ሁለት?»

«ፊት ለፊት ነው የሚያየው። በዓይኖቹ ብሌን ውስጥ ደግሞ ሰው አለ። ባንዱ ቡሽ፣ በአንዱ ቢን ላደን።»

ሁለቱን ያውቋቸዋል፤ ሬዲዮ አይለያቸውም። ትንሽ አሰቡ። አንድ ዝንጀሮ ከቡናው ወደ ሎሚው ዘለለ።

«እኛ አንድ ዓይን የምንሰጠው እንዳያየን ነው» አሉ። «እነሱ ሁለት ከሰጡት፣ እንዲያያቸው ፈልገዋል ማለት ነው። ሠዓሊው ደፋር ነው።» ቀጥለው ሞራ የጋረደውን ዓይናቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና «እኔንስ አሁን ቢስሉኝ ከየትኛው ወገን ሊያደርጉኝ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ሐኪም ቤት ልውሰድዎ የሚለውን የዘወትር ንግግሬን ጀመርኩ፣ የዘወትር መልሳቸውን መለሱልኝ።

አንድ የቀረ ነገር ነበር። ልደብቀው አስቤ ነበር፤ እሳቸው ዘንድ ግን አይደበቅም። መውጫው ላይ ልብ የሚመስል የብር ቀለም ያለው ቆርቆሮ ቅጠል ይሸጣሉ። ቡድሃ የተቀመጠባት ዛፍ ቅጠል ነው። ስምህንና ምኞትህን ትጽፍበትና ከሺዎቹ ጋር ትሰቅለዋለህ። ኬንያዊቷ ገዝታ የቪክቶሪያን ስም ጻፈች። እኔ የሌላ እምነት ቦታ ነው ብዬ አመነታሁ፣ ብዕሩን ይዤ ቆየሁ፣ ከኋላዬ ሰልፉ ረዘመ። በመጨረሻ ጻፍኩ። የራሴን ስም አላደረግሁም፤ «እምቦጭ ከጣና ይውጣ» ብዬ ሰቀልኩት።

ለየኔታ ይህን ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«በምን ቋንቋ ጻፍከው?»

«በአማርኛ።»

«ታዲያ እዚያ ማን ያነብልሃል?» አሉና ስኳሩን አንስተው ተነሡ።